በአድማ ቀን የተያዘ አቴንዳንስ

ተማሪዎቹ «በነገራችን ላይ» ነው የሚሏቸው። እውነተኛ ስማቸውን የማያውቅ ተማሪ ሞልቷል፤ ይህን ቅጽል የማያውቅ ግን በኮሌጁ ግቢ አይገኝም። የበሩ ጥበቃ እንኳ ከሩቅ ሲያያቸው «በነገራችን መጡ» ይላል። መምህሩ አንድ ነገር ጀምረው በቀጥታ ወደ መጨረሻው ሄደው አያውቁም። የመንገድ ተዳፋት እንዴት እንደሚለካ ማስረዳት ይጀምራሉ፤ «በነገራችን ላይ» ይሉና ጎርፍ ወደ ሰው ቤት የሚገባበትን ምክንያት ያነሳሉ፤ ከጎርፉ ወደ ቧንቧ፣ ከቧንቧው የጎረቤታቸው ቧንቧ ወደፈነዳበት ሌሊት ይሻገራሉ። ደወሉ ሲደወል ተዳፋቱ ገና እዚያው ቆሞ ይጠብቃቸዋል። ያም ሆኖ ከእሳቸው ክፍል ወድቆ የሚቀር ተማሪ ጥቂት ነው። ይህ እንዴት እንደሚሆን አምላክ ነው የሚያውቀው።

የመንገድ ቅየሳ ማስተማር ከጀመሩ ሃያ ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል። በነዚህ ሁሉ ዓመታት ከክፍል የቀሩት ሁለት ቀን ብቻ ነው። አንደኛው የመጀመሪያ ልጃቸው የተወለደችበት፣ ሁለተኛው የመንጋጋ ጥርሳቸው የተነቀለበት ቀን። ልብስ ሰፊዋ ባለቤታቸው እንግዳ በመጣ ቁጥር ይህን ሳታነሳ አታልፍም። «ለእኔም አንድ ቀን፣ ለጥርሱም አንድ ቀን። አድልዎ የሚባል ነገር አያውቅም» ትላለች።

እንግዲህ እኚህ ሰው ናቸው ዓርብ ከሰዓት በኋላ በትልቁ አዳራሽ ከሌሎቹ መምህራን ጋር እጃቸውን አውጥተው አድማ ለመምታት የወሰኑት። እጃቸውን ሲያወጡ ጎናቸው የተቀመጡት ሰዎች ጥያቄ ሊጠይቁ መስሏቸው ነበር አሉ።

ምክንያት ሳይኖራቸው ቀርቶ አይደለም። በእሳቸው ክፍል ስድሳ አንድ ተማሪ በሁለት የቅየሳ መሣሪያ ይማራል፤ ከሁለቱም አንደኛው መነጽሩ ደብዝዞ ግድግዳና ሰው አይለይም። ከመምህራኑ ግማሽ ያህሉ ደግሞ በየአራት ወሩ በሚታደስ ውል የሚሠሩ ናቸው፤ በሚቀጥለው መንፈቅ ይኑሩ አይኑሩ ሳያውቁ ነው ጠመኔ የሚያነሱት። ይህ ሲባል ሲጻፍ ዓመት አልፎት ነው ነገሩ እዚህ የደረሰው።

የማኅበሩ ሊቀ መንበር የኬሚስትሪ መምህርቷ ነበረች፤ አጠር ያለች፣ ቁጥብ፣ ነገር በጠብታ የምትለካ ሴት። ከድምፁ በኋላ ለእያንዳንዱ መምህር ለተማሪ የሚነገረው የተጻፈበት አንዳንድ ወረቀት አደለች።

«ተማሪው ከእኛ አፍ ይስማ» አለች። «በሩ ተቆልፎ ሲያገኘው አይወቀው። አሥር ደቂቃ ይበቃል። ለምን እንደቆምን ንገሩት፤ ከጎናችን ቁም አትበሉት። ውጤቱን ከዚህ ጋር የሚያገናኝ ቃል እንዳይወጣችሁ። አስተዳደሩን አትሳደቡ። የማታውቁትን ሲጠይቃችሁ አላውቅም በሉ።»

ሁሉም መምህር ሰኞ ለተማሪው ተናግሮ ማክሰኞ ሥራ ሊያቆም ነበር። የመምህራችን ክፍል ግን ማክሰኞና ሐሙስ ከቀኑ አሥር ሰዓት ነው የሚማረው። ይህንን ሲነግሯት ሊቀ መንበሯ ግንባሯን አሻሸች።

«እሺ ጋሼ፣ ማክሰኞ ይሂዱ። በሩ ላይ ይቁሙ። ይንገሯቸው፣ ይውጡ። አደራዎን ጠመኔ እንዳይነኩ።»

«ምን ቆርጦኝ!» አሉ መምህሩ።

እሑድ ከሰዓት በኋላ ባለቤታቸው ስፌት ላይ ተቀምጣ ሳለች ፊቷ ቆመው ንግግራቸውን ተለማመዱ። እሷ ከንፈሯ መሀል ስፒል ነክሳ፣ አንድ ዓይኗን ሰዓቱ ላይ አድርጋ ታዳምጣለች።

«ውድ ተማሪዎቼ፣ እንደሚታወቀው ትምህርት የዕድገት ምሰሶ ነው…»

«ምሰሶውን ተወውና ክፍል አለ ወይስ የለም በላቸው» አለች በስፒሉ መሀል።

«እሱማ መጨረሻ ላይ ይመጣል።»

«መጨረሻው እስኪደርስ ልጆቹ ይመረቃሉ። ይኸው ሁለት ሱሪ ዘምዝሜ ጨረስኩ።»

መምህሩ ወንበር ስበው ተቀመጡ። ፊታቸው ላይ የነበረው የመድረክ ግርማ ድንገት ወረደ። «ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ በሰዓታችሁ ኑ እያልኩ ስቆጣቸው የኖርኩት እኔ ነኝ» አሉ። «አሁን በየትኛው አፌ አልመጣም እላቸዋለሁ? ፈተናቸው ሦስት ሳምንት ነው የቀረው። ጥሎን ሄደ ቢሉኝስ?»

ባለቤታቸው ስፒሎቹን አንድ በአንድ አውጥታ የስፒል ትራሷ ላይ ሰካቻቸው። «ይህንኑ በላቸው። አሁን የተናገርከው ግማሽ ደቂቃ አልፈጀም፤ እኔንም ሆዴን አባባኸው።»

ማክሰኞ ጠዋት ሲጸልዩ ከሌላው ልመናቸው በኋላ «ጌታ ሆይ፣ ዛሬ እንኳ ምላሴን አሳጥርልኝ» ብለው ጨመሩ። ጸሎት መቼ እንደሚሰማ የሚያውቀው ሰሚው ነው። በዚያን ቀን እንዳልተሰማ ግን ወዲያው እናያለን።

አሥር ሰዓት ሲሆን በሩ ላይ ቆሙ። ስድሳ አንዱም ተማሪ መጥቷል፤ ፈተና እንኳ እንዲህ አሰባስቦት አያውቅም። ወሬው ቀድሟቸው ገብቷል።

«ልጆቼ» አሉ። «ዛሬ ትምህርት የለም። መምህራን ሥራ አቁመናል። ሐሙስም አልመጣም። ከዚያ በኋላ መቼ እንደምመጣ አላውቅም። እናንተን ጥዬ መሄዴ አይደለም፤ እንደዚያ እንዳይመስላችሁ ነው የፈራሁት።»

ባለቤታቸው ብትሰማቸው ኖሮ በኩራት እልል ትል ነበር። እዚያ ላይ ዞር ብለው ቢወጡ ይህ ታሪክም ባልተጻፈ።

ከፊት ወንበር አንዲት ሴት እጇን አወጣች። የከተማ አውቶቡስ ሾፌር ናት፤ አርባ ዓመት ሊሞላት ጥቂት የቀራት፣ ጠዋት ነድታ ከሰዓት የምትማር። ለምን መንገድ ሥራ እንደመረጠች በመጀመሪያው ቀን ሲጠይቋት «አሥራ ሁለት ዓመት ጉድጓድ ላይ ነዳሁ፤ እስቲ ጉድጓዱን ማን እንደሚሠራው ልወቅ ብዬ ነው» ብላ ክፍሉን አስቃው ነበር።

«ቲቸር፣ የእናንተን ሰማን» አለች። «ዲኑስ ምን ይላል? እሱም እኮ የሆነ ነገር ይላል አይደል?»

አወይ ጥያቄ! መምህር ጥያቄ ሲጠየቅ የሚሆነውን መምህር ያልሆነ ሰው አይረዳውም። ዓይናቸው በራ። «በነገራችን ላይ፣ ይህ በጣም ጥሩ ጥያቄ ነው» አሉ። ክፍሉ እርስ በርሱ ተያየና ደብተሩን ገለጠ።

እግራቸው መቼ ከበሩ እንደተነሳ አያስታውሱም። በግራ ብብታቸው የያዙት አቃፊ መቼ እንደተከፈተም አያስታውሱም። እጃቸው ግን ሃያ ሁለት ዓመት የለመደውን አደረገ፤ የአቴንዳንሱን ወረቀት አውጥቶ ለመጀመሪያው ወንበር ሰጠ። ወረቀቱም የለመደውን አደረገ፤ ከወንበር ወንበር እየዞረ ስድሳ አንድ ፊርማ ለቀመ። መምህሩ ጥቁር ሰሌዳውን በአንድ ረጅም መስመር ለሁለት ከፈሉት። በግራ በኩል የመምህራኑን፣ በቀኝ በኩል የኮሌጁን ምክንያት ይጽፉ ጀመር። ቀኙ እንዳይበደል እየተጠነቀቁ፣ ግራው አንድ መስመር ሲረዝም ለቀኙ አንድ ምክንያት ፈልገው እየጨመሩ ሄዱ። አንዱ ተማሪ «ቲቸር፣ እርስዎ የማን ወገን ነዎት?» ሲላቸው «እኔማ ከግራው ነኝ፤ ግን ቀኙን አጣምሜ ብነግራችሁ ነገ የለካሁላችሁን መንገድ ማን ያምነኛል?» አሉት። አንድ ሰዓት ከሃምሳ ደቂቃ እንዲህ ነጎደ።

ላብ አጥምቋቸው፣ እጃቸው እስከ ክርናቸው ነጭ ሆኖ ወጡ። ልባቸው ቀልሏቸው ነበር። እንደ ወትሯቸው በሬጅስትራሩ መስኮት በኩል አለፉ፤ እንደ ወትሯቸው ወረቀቱ ላይ ፈረሙ፤ እንደ ወትሯቸው ሣጥኑ ውስጥ ጣሉት። ከዚያም እንደ አድማ መቺ ተንጎራድደው ወደ ቤታቸው ሄዱ።

ሐሙስ ሰባት ሰዓት ላይ መምህራኑ ከኮሌጁ በር ውጪ መፈክር የጻፉበትን ወረቀት ከፍ አድርገው ይዘው ቆመዋል። ሾፌሯ የሥራ ልብሷን እንደለበሰች እየሮጠች መጣች። ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ ይላል።

«ቲቸር፣ የማስታወቂያ ሰሌዳውን አይተዋል?»

«ምነው እህቴ?»

በስልኳ ያነሳችውን ፎቶ አሳየቻቸው። ማህተም ያለበት ማስታወቂያ ነው። የመንገድ ሥራ ሦስተኛ ዓመት ክፍል ማክሰኞ ዕለት በመደበኛ ሁኔታ መማሩ በመምህሩ ፊርማ ስለተረጋገጠ፣ ዛሬም በአሥር ሰዓት ስም ይጠራል፤ በመንፈቁ ሦስት ጊዜ የቀረ ተማሪ ለማጠቃለያ ፈተና አይቀመጥም ይላል።

መምህሩ ክው አሉ።

«እኔ ሁለት ቀርቻለሁ» አለች ሾፌሯ። «አንዱን ጎማ ፈንድቶብኝ፣ አንዱን ልጄ አሟት። እርስዎ ሐሙስ የለም ስላሉን ደግሞ ስምሪት ክፍል ሄጄ የዛሬን የከሰዓት ፈረቃ ተቀብያለሁ። አሥር ሰዓት ላይ መሪ ላይ ነኝ። የምትተካኝ የለችም፤ ጠይቄያለሁ። ዛሬ ከቀረሁ ፈተናው አለፈኝ፤ ለትምህርት የሰጡኝን የከሰዓት ፈቃድ ደግሞ ለከርሞ አይሰጡኝም።»

የኬሚስትሪ መምህርቷ ወረቀቷን አውርዳ ቀረበች። ፎቶውን አነበበች። ቀና ብላ መምህሩን አየቻቸው።

«ጋሼ፣ ጠመኔ ነኩ?»

«ትንሽ።»

«አቴንዳንስ ያዙ?»

«ወረቀቱ በልማዱ ዞረ።»

«አስረከቡ?»

«እጄ ነው» አሉ መምህሩ፤ እጃቸውን እንደ ሌላ ሰው ዕቃ እያዩት።

ከኋላ የቆሙት መምህራን ሳቃቸውን ሊውጡ ሞክረው አልሆነላቸውም። «አድማውን በሰዓቱ ገብተው የመቱ ብቸኛው ሰው!» አለ አንዱ። «ለእኛም ስም ይጥሩልን!» አለ ሌላው። ሾፌሯ ግን አልሳቀችም፤ ሰዓቷን ነው የምታየው። መምህሩም እሷን ነው የሚያዩት። በእሑዱ ፍርሃታቸው ተማሪዎቼ ጥሎን ሄደ ይሉኛል ብለው ነበር፤ አሁን ደግሞ መጥተው የባሰ አድርገውባት አረፉ።

«አንድ ነገር አለ» አለች ሾፌሯ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ስም የሚጠራው ሰው ከሬጅስትራር ነው፤ መልኬን አያውቅም። አንዷ ጓደኛዬ አቤት ብትልልኝስ?»

«አይሆንም» አሉ። ወዲያውም ለስለስ ብለው «ያጠፋሁት እኔ፣ የምትዋሺው አንቺ? ነይ ተከተይኝ።»

ዲኑ የቀድሞ ተማሪያቸው ነው። በተማሪነቱ ከመጨረሻው ወንበር ተቀምጦ ይተኛ ነበር፤ ዛሬ ግን ከሦስት ሳምንት ወዲህ እንቅልፍ ዓይኑን እንዳልጎበኘው ፊቱ ይናገራል። ጠረጴዛው በደብዳቤ ተሞልቷል። መምህሩ ሲገቡ ከመቀመጫው ተነሳ፤ ይህን ክብር አልዘነጋም።

«መምህር፣ ማስታወቂያውን አንሣ ሊሉኝ ከሆነ፣ አልችልም» አለ። «ፊርማው የእርስዎ አይደለም?»

«የእኔ ነው።»

«አቴንዳንስ የተያዘበት ሰዓት የትምህርት ሰዓት ነው። ደንቡን ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት።»

«ልክ ነህ። በነገራችን ላይ፣ ያን ደንብ ያስተማርኩህ ቀን ተኝተህ ነበር።»

ዲኑ ሳይወድ ፈገግ አለ፤ ቶሎ ግን ኮስተር ብሎ ተቀመጠ። «ታዲያ ማክሰኞ ሁለት ሰዓት ሊሞላ ምንም ሳያስተምሩ ቆዩ? ማን ያምናል? እርስዎን የሚያውቅ ሰው ያምናል?»

እውነቱን ነው፣ የሚያምን አይገኝም። ይህኔ ሾፌሯ ከመምህሩ ኋላ ወጣ ብላ ደብተሯን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች።

«ያስተማሩን ይኸው» አለች። «ከመጽሐፉ የየትኛው ምዕራፍ እንደሆነ እርስዎ ይፈልጉት።»

ዲኑ ገጹን አየ። ሁለት ረድፍ ነው፤ ግራና ቀኝ። የግራውን በዓይኑ ገረፍ አድርጎ አለፈው፤ እሱን በቃሉ ያውቀዋል። ወደ ቀኙ ሲሄድ ግን ዓይኑ ዘገየ። ጣቱን መስመሩ ሥር አድርጎ እንደ ልጅ ያነብ ጀመር።

«ኮሌጁ መሣሪያ እንዲገዛለት ሦስት ጊዜ ጽፏል፤ ከበላይ መልስ አልመጣም። ዲኑ በእጁ የሌለውን ቃል ገብቶ በኋላ መዋሸት አልፈለገም። ከሁለቱም ወገን የሚመጣበትን ቁጣ የሚቀበለው እሱ ነው። መልስ የለኝም ማለት እምቢ ማለት አይደለም።» ቀና አለ። «ይህን ማን ነው ያለው?»

«ቲቸር ናቸዋ» አለች ሾፌሯ። «እንዲያውም አንዱ ልጅ ሲስቅ ተቆጥተው፣ እናንተ በዲኑ ወንበር ተቀምጣችሁ እዩት አሉን።»

ዲኑ ጣቱን ከመስመሩ ላይ አነሳ። «ሦስት ሳምንት ሙሉ ስብሰባ ለስብሰባ ስዞር ይህን የተናገረልኝ አንድ ሰው የለም» አለ። «አንድ።»

«ከበር ውጪ ላሉት ግን እንዳትነግርብኝ» አሉ መምህሩ።

ዲኑ ሳቀ፤ የሳቁ ድምፅ ለራሱም እንግዳ ሆኖበት ነበር። ከዚያ ደብተሩን ለሾፌሯ መለሰላት። «መምህር፣ ዝም ብዬ ባነሳው ፈርቶ አነሳ ይባላል። እርስዎ በእጅዎ ይጻፉ። ትምህርት እንዳልነበረ፣ አቴንዳንሱ ስህተት እንደሆነ ጽፈው ይፈርሙ። የእኔ ማስታወቂያ ይነሳና በቦታው የእርስዎ ይለጠፋል። ዛሬም ስም አይጠራም። ግን… ሰው ሁሉ ያነበዋል።»

ሰው ሁሉ ያነበዋል የሚለው ቃል መምህሩን ከበዳቸው። ጥንቁቅነታቸው ነው ክብራቸው። ቀያሽ ሰው በሴንቲ ሜትር ይጣላል። ሃያ ሁለት ዓመት የተማሪ ስህተት በቀይ ሲያሰምሩ ኖረው፣ አሁን የራሳቸውን ከነስማቸው ግድግዳ ላይ ሊሰቅሉት ነው። ሾፌሯ ቦርሳዋን ከአንድ እጇ ወደ ሌላው ታዛውራለች።

«ወረቀት ስጠኝ» አሉ።

ተቀምጠው ጻፉ። የመጀመሪያው ገጽ አለቀ። ሁለተኛውን አነሱ። ዲኑ አንገቱን አስግጎ አየና «መምህር፣ የቧንቧ ነገር እዚህ ምን አመጣው?» አለ።

«መንደርደሪያ ነው።»

«ቲቸር፣ ሰዓት!» አለች ሾፌሯ። ስምንት ሰዓት ተኩል አልፏል፤ ዘጠኝ ሰዓት ስምሪት ክፍል መድረስ አለባት።

መምህሩ ሁለቱን ገጾች ቀደዱ። አዲስ ወረቀት አቀረቡ፤ በትልልቁ ጻፉ።

«ማክሰኞ ዕለት ትምህርት አላስተማርኩም። ስለ አድማው ለተማሪዎቼ ስናገር ሳላስበው በልማድ አቴንዳንስ ያዝኩ። ስህተቱ የእኔ ነው። በዚህ ምክንያት ማንም ተማሪ አይቀጣ።»

ስማቸውን ጽፈው ፈረሙ። ያን ጊዜ ነው ሾፌሯ ሙሉ ስማቸውን ለመጀመሪያ ጊዜ ያነበበችው።

ሦስቱ አብረው ወደ ማስታወቂያ ሰሌዳው ወረዱ። ዲኑ የራሱን ወረቀት በገዛ እጁ ነቀለ፤ መምህሩ የራሳቸውን ለጠፉ። ተማሪዎች እየተጋፉ አነበቡ። አንዳንዱ ሳቀ። «ስማቸው ይሄ ነው እንዴ?» አለ አንዱ። «እኔማ በነገራችን ይሆናል ብዬ!» ከበሩ ወዲህ ሊቀ መንበሯ መጥታ ኖሮ ከኋላ ቆማ አነበበች፤ ለዲኑ ራሷን ዝቅ አድርጋ ሰላምታ ሰጠችው፤ እሱም መለሰላት። ከአድማው ወዲህ ሁለቱ ሰላምታ ሲለዋወጡ የመጀመሪያቸው ነበር። «ነገ ጠዋት ብመጣ ያናግሩኛል?» አለችው። «ይምጡ» አላት። ነገሩ በዚያች ቃል አላለቀም፤ ገና ብዙ ስብሰባ ይቀረዋል። ግን ሁለት ቀን ሙሉ በደብዳቤ ብቻ ሲባባሉ የሰነበቱ ሰዎች ናቸው።

መምህሩ ጆሯቸው እስኪግል አፍረው ቆመዋል። ነገር ግን ከሀፍረቱ ሥር ሌላ ነገር ነበረ፤ ጥርሱ ተነቅሎለት የወጣ ሰው የሚሰማው ዓይነት ዕረፍት። በሆዳቸው ተመስገን አሉ፤ አንዲት ቃል ብቻ።

ሾፌሯ ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ መሮጥ ጀመረች። ደረጃው ላይ ስትደርስ ቆመችና ዞረች።

«ቲቸር!» ብላ ጮኸች፤ ግቢው ሁሉ እስኪሰማ። «እኔ ፈተናዬ ላይ አገኝዎታለሁ። እርስዎ ግን በፈጠረዎት፣ ማክሰኞ እንዳይመጡ!»

«አልመጣም!» አሉ መምህሩ።

«ይማሉልኝ!»

«በልጄ እምልልሻለሁ፣ አልመጣም!»

ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለለች ወረደች።